ሰም የተቀባው ጠርሙስ

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር በሽተኛዋ ከተኛችበት መጋረጃ ጀርባ ሲወጣ፣ ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ትቷቸው እንደሄደ ተቀምጠው ነበር። የደሙን ጠርሙስ በጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። የጎባ ብርድ እንዳያቀዘቅዘው እስኪመለስ እንዲያሞቁት የሰጣቸው እሱ ነበር። ደሙም የራሳቸው ነው፤ ከወለደች ጀምሮ ደም አልቆም ላላት ልጃቸው አሁን ከክንዳቸው የተቀዳ።

ጠዋት የቀዳላት ደም ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ቱቦውን ዘግቶበት ነበር። ደም መስታወት ሲነካ ይረጋል፣ ሰም ላይ ግን ይቆያል ብሎ ቢነግራቸው፣ ሮቤ ገበያ ሊሸጡት ከሃረና ጫካ ያመጡትን ሰም ከስልቻቸው አወጡ። እሱ አቀለጠው፤ እሳቸው ጠርሙሱን በዚያ ቀፎ በለመደ እጃቸው እያገላበጡ ውስጡን አለበሱት።

«ና እየው፣ ሐኪም!» ሽማግሌው ጠርሙሱን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። ደሙ እንደ ውሃ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ። «አልረጋም፣ አልሐምዱሊላህ! የኔ ንቦች ሰም አሳፍሮኝ አያውቅም። በል ቶሎ ስጣት።»

ድሬሰሩ እጁን ዘረጋ፤ ጠርሙሱን ግን አልተቀበለም። ትከሻቸውን ያዘ።

«አባባ» አለ፣ «አልደረስንላትም።»

ሽማግሌው ደሙን አንዴ ዘንበል አድርገው አዩት፤ አሁንም ይፈሳል። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱና፣ ድሬሰሩ ቅድም እንዳሳያቸው አድርገው ጋቢያቸውን ደረቡበት።