የሚጣለው

ለስጋ መጋዘናችን ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት ስክሪፕት የካርቶኖቹን ማብቂያ ቀንና ሰዓት ከአሁኑ ጋር አነጻጽሮ የሚጣለውን ይዘረዝራል። ዛሬ ግማሹን መጋዘን ዘረዘረው። ቀኑን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ሲያነጻጽር፣ «10» በ1 ስለሚጀምር አሥረኛውን ወር ከዘጠነኛው አስቀድሞታል፤ ስንፍናው የኔው ነው። አርሜ እንደገና አስኬድኩት። ከትናንት ጀምሮ አንድ ግማት አፍንጫዬ ላይ ተጣብቆ ምራቄን እንኳን መዋጥ አስጠልቶኛል።

ዝርዝሩ አንድ መስመር ብቻ ቀረው፦ የኔ የሠራተኛ መለያ ቁጥር። ያበቃው ትናንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው!» አልኩ ለራሴ።

የሚጣለውን ስጋ የሚያወጡት የመጋዘኑ ሽማግሌ ጓንታቸውን አጥልቀው ገቡ። ወዲያው አፍንጫቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

«ኤጭ! ልጄ፣ የቱ ነው የሚጣለው?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ» ብዬ መስመሩን በመዳፌ ከለልኩት።

እጄን ሳነሳ አንድ ጥፍሬ የስክሪኑ መስታወት ላይ ተለጥፎ ቀረ።