በቀይ የተጻፈችው ቃል

መምህርት ዮርዳኖስ ከሽንዲ ወደ ፍኖተ ሰላም ለመዛወር ያመለከተችው በ1992 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ባሏ ቴዎፍሎስ ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን ክረምት ክረምቱንና አንዳንድ ቅዳሜን ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ውጤቱን ልትጠይቅ ወደ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ሄደች። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ክንዱ ፋይሏን ገለጥ አደረገና ወዲያው በመዳፉ ሸፈነው።

«አልተወሰነም።»

«ለምን?»

«አለቃ አንድ ቃል ጽፈውበታል፤ በእንግሊዝኛ ነው።» ቀይዋን ጽሑፍ ብቻ በጣቶቹ መሃል አሳያት። «ራሽናሌ ይላል መሰለኝ።»

ዮርዳኖስ ፊደል በፊደል ገለበጠቻት። «ምን ማለት ነው?»

«ባለቤትዎን ይጠይቁ» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ።

ሴት ስለሆነች የናቃት መሰላት። እስከ ቡሬ እንደተናደደች፣ ከቡሬ ሽንዲም እንደተናደደች ሄደች። ርዕሰ መምህሯ ቃሏን አገላብጦ አየና «ራሽን የሚል አለበት፤ የእርዳታ ስንዴ ነገር ሳይሆን አይቀርም» አላት። እሷም ስንዴ ተቀብላ እንደማታውቅ ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ ላከች። መልስ አልመጣም።

ለገና ፍኖተ ሰላም ስትሄድ ቃሏን ለቴዎፍሎስ አሳየችው። አያትና አጣጥፎ መለሰላት።

«የተጻፈችበትን ወረቀትስ አየሽው?»

«በእጁ ሸፍኖት! እጅ መንሻ ፈልጎ ነው እንጂ ምን አለው?»

«እሱማ የታወቀ ነው» አለ ቴዎፍሎስ። ከዚያ ድምፁ እንደ ክፍል ውስጥ ሆነ። «ራሽናል ነው የሚባለው። ሥሩ ላቲን ነው፤ መቁጠር፣ ማስላት፣ ቀጥሎም ማሰብ ማለት ነበር። ራሽንም ከዚያው የወጣ ነው፤ ተሰልቶ የሚሰፈር። ይቺኛዋ ግን ‹ይህን የምትጠይቀው በምን ምክንያት ነው? አስረዳ› ማለት ነች።»

«ታዲያ ምክንያቴ አንተው አይደለህ?»

ቴዎፍሎስ ወረቀት አወጣ። ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ መንገዱ ርቀት ባማረ የእጅ ጽሕፈት ሁለት ገጽ ሞላ። እሷ ፈረመች።

«እኔው አስገባልሻለሁ» አላት።

ጥር አለፈ፤ የካቲትም አለፈ። መጋቢት ላይ እንደገና ክንዱ ፊት ቆመች።

«ከስንዴው ወዲህ የደረሰን ደብዳቤ የለም» አላት።

«ውሸትህን ነው!» እርስዎ ማለቱን እንኳ ረሳችው። «ትዳሬን ያፈረስከው አንተ ነህ! በግምገማ ላይ አጋልጥሃለሁ!»

በኮሪደሩ የነበሩ ሰዎች ዞሩ። ክንዱ አልተቆጣም። ፋይሉን አንሥቶ አስታቀፋትና ወደ ውስጠኛው በር አመለከታት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። አለቃ ዘንድ ይግቡ። የእኔ አፍ ታስሯል።»

አለቃው አቶ እጅጉ ሽበታም ሰው ናቸው። ዮርዳኖስ ፋይሉን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችና ቆማ፣ እያለቀሰች፣ ምክንያቷን ሁሉ ዘረዘረች። ባሏን አንድም ቀን አስታማ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ስለ ክንዱም አልደበቀችም።

አቶ እጅጉ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀይ ቃል ያለበትን ገጽ ፈልገው ወደ እሷ አዞሩት።

«ልጄ፣ ያንቺን ዝውውርማ ጥቅምት ላይ ፈርሜ ነበር፤ ምክንያት የጠየቅሁት ‹ባለቤቴ እንዳትዛወርብኝ› ብሎ ያመለከተውን ባልሽን ነው።»