የእትዬ ትርንጎ ጎርፍ

ለሰፈሩ የታሪክ ቤት የተሰጠ ትዝታ ከሰጪው ጭንቅላት ጨርሶ ይወጣል። እትዬ ትርንጎ አምና ሠርጋቸውን ሰጥተው፣ ዛሬ የገዛ ሠርጋቸውን ፎቶ የሌላ ሰው ይመስል ትክ ብለው ያዩታል። የወንዝ ቀን በዓል ሲቃረብ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደሴ ዘንድሮም መጣ።

«እትዬ፣ ጎርፉን ካዩት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለበዓሉ ይስጡን።»

«ኧረ አሁንስ በዛ! ሠርጌ አልበቃ ብሏችሁ ማሩን ልትወስዱብኝ?»

«ማሩ ማነው?»

«ጎርፉ የወሰደው ልጄ ነዋ! እኔ ከረሳሁት ማን ያስታውሰዋል?»

ደሴ አቀረቀረ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጆሮ የላችሁም እንዴ? ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ!»

በበዓሉ ቀን ወንዙ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የሆነውን ሁሉ በአፋቸው ተረኩ። ሰፈርተኛው ተላቀሰ።

ቤታቸው ገብተው በሩን እንደዘጉ፣ ፈራ ተባ እያሉ «ማሩ» ብለው ተጣሩ። የልጁ ፊት ወዲያው መጣላቸው።