አላደርኩም

በእኛ ሰፈር «ደህና ነኝ» ማለት ቤት ያፈርሳል። በየበሩ የተተከለው መሣሪያ፣ እኛ ጆሮ ጠቢ የምንለው፣ ወሬያችንን እየሰማ ለጎርፍ ያለንን ተጋላጭነት ይለካል። ቀይ ያበራለት ቤተሰብ ከክረምቱ በፊት ወደ ኮረብታው ይዛወራል፤ አረንጓዴ ያበራለት ወንዙን እዚሁ ይጠብቃል።

እኛ በባለቤቴ በዘነቡ ምሬት ቀይ ነበርን። የሠራችውን ምግብ «ጣፈጠ» ካልኳት ወራት አልፏል፤ የጠገበ ሰው ቀይ አያበራም።

ትናንት አባቷ ከገጠር መጡ። ጎረቤታችን ፋጡማ በር ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» አለቻቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና።»

መብራቱ ወደ ቢጫ ወረደ።

«አባዬ፣ ሊያስፈጁን ነው የመጡት?» አለች ዘነቡ።

«ታዲያ ፈጣሪን ላማርር?»

«ፈጣሪን ይተዉት። ኑሮን ያማርሩ።»

እስከ ማታ መራራ መራራውን አስጠናቻቸው፤ መብራቱም ወደ ቀይ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ፋጡማ ብቅ አለች።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

አባባ ልጃቸውን በኩራት አዩና፣ «አላደርኩም» አሉ።

ዘነቡ ፈገግ ከማለቷ ጆሮ ጠቢው ተናገረ፦ «ነፍስ ይማር። ሟች ተጋላጭ አይደለም። ቤተሰቡ አንድ አዛውንት ስለቀነሰ ከዝውውሩ ተሰርዟል።»

አረንጓዴው በራ። ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

አባባ ከፍርፍሩ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። «ከሞትኩ አይቀር፣ ጣፍጧል» አሉ።

አፋቸውን የያዘ አልነበረም።