ሞት የገባበት ይቅደም

«ማን ነው የሞተብሽ?» አለ ልብስ ነካሪው፣ ቀና ሳይል። እስከ ክርኑ በጠቆረ እጁ ረጅሙን እንጨት ይዞ በርሜሉ ውስጥ የሚፈላውን ቀለም ያማስላል።

ሴትዮዋ ቢጫ ቀሚሷን ደረቷ ላይ እቅፍ አድርጋ ቆመች። መልሱን መንገዱን ሙሉ ስታጠናው ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን ቀሚሱን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ኧረ ቶሎ በይ፣ እናቴ! ማገዶው በከንቱ አለቀ እኮ!» አለ ነካሪው።

ከጀርባዋ የሴቶቹ ሰልፍ ከደጃፉ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ዓለም በሙሉ ተያይዞ መጨራረስ ከጀመረ ወዲህ ጥቁር ቀለም እንደ መድኃኒት ብርቅ ሆኗል፤ ጨርቁንም ቀለሙንም ጦሩ ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ነካሪው ሕግ አወጣ፦ ሞት የገባበት ቤት ይቅደም። ሞቱን ደግሞ ባለሐዘኗ ጮክ ብላ ትናገር፣ ሰልፈኛው ሁሉ ይስማ።

ዳቦ ቤቱም የራሱ ሕግ አለው። ማንም አላወጀውም፤ ብቻ ጥቁር የለበሰች ከፊት ትቆማለች፣ ሌላዋ ከኋላ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አክብሮት ነበር። እያደር ግን ቀለም ያለው ልብስ ራሱ ነውር ሆነ። «ያንቺው የት ተወሽቆ ነው እስካሁን የተረፈው?» ይሏታል፣ የልጇ በሕይወት መኖር ከጎረቤት የተሰረቀ ዕቃ ይመስል። ሰሞኑን እሷ ጋ ሳይደርስ ዳቦው ያልቃል። የልጅ ልጇ የድንች ልጣጭ እየበላ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዛሬ ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቅቶት ትታው ነው የወጣችው።

ጦር ሜዳ ያለው ልጇ ግን ደህና ነው። በቅርቡ ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ሰላምታውን አድርሷታል። ጥርሱን አሞታል፣ ሌላ ምንም አልሆነም።

«ልጄ ነው» አለች።

«አልሰማንም!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ልጄ ነው! ልጄ ሞቷል!»

አፏን በእጇ ልትይዘው ቃጣት። ከዚያ ጎረቤቷ ሬዲዮ፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ ስለማያድር ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፣ «ውይ! ያ ሳቂታው? ያ ሲያልፍ ሲያገድም ሰላም ሳይል የማይሄደው?» ብላ ደረቷን ደቃች። መርዶው ካንዷ ወዳንዷ እየዘለለ ወደ ደጅ ወጣ።

ነካሪው ቀሚሱን ተቀብሎ በርሜሉ ውስጥ ጨመረው። ቢጫው ለአፍታ ተንሳፈፈ፤ በእንጨቱ ደፈቀው። ሴትዮዋ እፎይ አለች። ነገ ከፊት ትቆማለች። ልጇም ሲመጣ ታጫውተውና እንባው እስኪፈስ ይስቅባታል።

ያኔ ነው ከደጅ ኡኡታ የሰማችው። ድምፁን ለየችው። ምራቷ ጥይት ፋብሪካ ናት፣ እስከ ማታ አትወጣም ብላ ነበር፤ ለካ ዛሬ ባሩድ አልቆባቸው ሠራተኛው ቀደም ብሎ ተለቋል።

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ምራቷ የፋብሪካ ሽርጧን እንዳደረገች፣ እጆቿን አናቷ ላይ ጭና ገባችና አማቷ እግር ሥር ድፍት አለች።

«እማዬ፣ ምን አደረግኩሽ? ለኔ ሳትነግሪ ለነሱ ትነግሪያለሽ?»

ሴትዮዋ በርሜሉን አየች። እውነቱን ካወጣች ቀሚሱ ጭቃ ላይ ይጣላል፤ እነዚህ በእውነት የሞተባቸው ሴቶች ደግሞ በጥፍራቸው ይቦጫጭቋታል። ጎንበስ ብላ ምራቷን አቀፈቻትና በጆሮዋ «አልሞተም። ለዳቦው ብዬ ነው። ዝም በይ፣ ደህና ነው» አለቻት።

ምራቷ ገፈተረቻት። «አታባብዪኝ! እንደ ሕፃን አታባብዪኝ!» አለችና ግንባሯን ከሲሚንቶው ጋር አላተመችው። አንዴ። ደግማ። ደም ቅንድቧ ላይ ወረደ።

ሴትዮዋ ያን ስታይ ዳቦውንም ቀሚሱንም እርግፍ አድርጋ ተወች። «ስሙኝ!» ብላ ጮኸች። «ዋሽቻችሁ ነው! ልጄ አልሞተም! ዳቦ ፈልጌ ነው የዋሸሁት!»

ጥፍርና ምራቅ ነበር የጠበቀችው። ማንም አልተቆጣም። ሬዲዮ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻትና «አይዞሽ፣ እኔም የወንድሜ ጊዜ አልሞተም እያልኩ ሰው ሳስቸግር ነበር» አለቻት።

«እናት አይደለች? እንዴት ብላ ትመነው» አለች ሌላዋ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ጥርሱን ነው ያመመው! ጥርሱን ብቻ ነው እላችኋለሁ!» ሴትዮዋ ከእቅፋቸው ለመውጣት ተፈራገጠች። ይህን ሲሰሙ ጭራሽ ሆዳቸው ባባ። የየራሳቸው ሐዘን ተቀሰቀሰና ደጅ ያሉት ሳይቀሩ አለቀሱ። ብዙዎቹ «አልሞተም» የሚለውን ቃል ራሳቸው ብለውት ያውቃሉ፤ ሁሉም መጨረሻ ላይ ዝም ብለዋል።

ነካሪውም አዘነ። ሒሳብ አልጠየቃትም። ቀሚሱን ከበርሜሉ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አደረገና ጨመቀው። «እስኪደርቅ አትጠብቅም» አለ። «አልብሷትና ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ይዛችኋት ሂዱ። ከፊት አቁሟት።»

ሁለት ሴቶች እጆቿን ወደ ላይ ያዙላት። ጭንቅላቷን በአንገትጌው ሲያሾልኩት «ደህና ነው» የሚለው ቃል እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ታፈነ። ፊቷ ሲወጣ ጥቁር ውሃ በጉንጮቿና በአንገቷ እየወረደ ነበር። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አንድም አልነበረም፤ ቀስ ብለው፣ እንዳያማት ተጠንቅቀው ቁልፎቿን ቆለፉላት።

ምራቷ ከወለሉ ቀና ብላ አማቷን ጥቁር ለብሳ አየቻት። ልቧ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ ጥርጣሬ ቢኖር ያኔ አለቀ። ማልቀሷን አቆመች። ተነሥታ፣ ቀዩን ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችና ለነካሪው ዘረጋችለት።