የማናገር ትምህርት

አሳየሽ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሕልም ለመማር ተመዘገበች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ሶዶ ግን የዚያን ዓመት ጉዷን የሰማችው በጥር ነው።

አስተማሪው መክብብ ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ በሩ ላይ «ሕልምዎን ይዘዙ» የሚል ባነር ሰቅሏል። ጥበቡን ከሳይቤሪያ ሻማኖች እንደተማረ ይናገራል። ሳይቤሪያን ያያት በስልኩ ነው። ሻማን ምንድን ነው ሲሉት «የመንፈስ መሪ» ይላል፤ የሶዶ ሰው ግን በአጭሩ ቃልቻ ብሎት አረፈው። ትምህርቱ ላይ ጥቂት መዝሙረ ዳዊት ጣል አድርጎበት ደግሞ «መንፈሳዊ ንባብ» አለው። ዐይን ያወጣ ሰው ምን ያቅተዋል?

ሰሌዳው ላይ የየሳምንቱ ትምህርት ተጽፏል። በመጀመሪያው ሳምንት በሕልም ውስጥ የራስን እጅ ማየት። በሁለተኛው በር መክፈት። በሦስተኛው የሞተ ሰው መጥራት፣ በአራተኛው ማስቀመጥ፣ በአምስተኛው ማናገር። ሙታን በሥርዓተ ትምህርት እንደሚመሩ ከተማው ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

አሳየሽ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ መልካሙ በኅዳር ሞተ፤ ልጅ አልወለዱም። በአርባው ማግስት ሣጥኑን ስትከፍት፣ አባቱ ወደ ኦቶና መውጫ ያለውን ቤት ለመልካሙ የሰጡበት የስጦታ ውል የለም። በውሉ ላይ የፈረሙት ምስክሮች ሁሉ ሞተዋል። ወረቀቱ ካልተገኘ ቤቱ የአባት ውርስ ተብሎ ይሸጥና ገንዘቡ ለወራሾች ይከፈላል፤ እሷም ሠላሳ ዓመት ከኖረችበት ቤት እስከ ፋሲካ ለቃ ትወጣለች።

«የት እንዳስቀመጠው ራሱን መልካሙን በሕልሜ እጠይቀዋለሁ» አለች። ለደንበኞቿ ነገረች። ለጎረቤት ነገረች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ሰው እብደቱን እንዲህ በአዋጅ ሲያስነግር አይታይም። የንስሐ አባቷ ተቆጧት፤ በማግሥቱ ወደ ትምህርቷ ሄደች።

ባጃጅ ውስጥ ሆና ጣቶቿን ትቆጥራለች። ስድስት ከሆኑ ሕልም ነው፣ አምስት ከሆኑ እውን ነው ብሏል መክብብ።

«እማማ፣ ጣት ጠፋብሽ እንዴ?» አላት አንድ ሾፌር።

ሌላው ሲስቅ ቁም ነገር የመከራት የመልካሙ ታላቅ ወንድም አድነው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አርጅቶ ጡረታ የወጣ፣ ሰው የሚያከብረው የተማረ ሰው ነው።

«አሳዬ፣ እባክሽ የከተማ መሳቂያ አታድርጊን» አላት። «ወረቀቱን ምስጥ በልቶት ይሆናል። ይኼ ቃልቻ ደግሞ ቤትሽን ሳይበላ አይለቅሽም።»

«ቃልቻ አይደለም ጋሼ፤ መምህር ነው።»

«የምን መምህር!»

አድነው አልተሳሳተም። መክብብ ስለ ቤቱ ስፋት ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። አስፋልት ዳር መሆኑን ሲሰማ «ለትምህርት ቤት ይመቻል» ብሏል። እሷ ይህንንም በየዋህነት ለአድነው ነገረችው።

ዐይኗ በርበሬ መሰለ፤ ከንባብ ብዛት ነው ተባለ። ስፌቷ ግን አልተበደለም፤ እንዲያውም የደንበኛ ልብስ ከቀጠሮው ቀን በፊት ይደርስ ጀመር። በልምምድ ሰዓት ሌሎቹ ተማሪዎች ፍራሽ ላይ ተጋድመው ሲያንኮራፉ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። መክብብ «ጥልቅ ደረጃ ላይ ደርሳለች» እያለ ለመጣው ሁሉ አሳያት።

አድነው በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ይላል።

«እህ፣ እስከ የት ደረስሽ?»

«እጄን አየሁ።»

ሳቀ። በሁለተኛው እሑድ በሩን ከፈትኩ አለችው፤ አሁንም ሳቀ።

በሦስተኛው እሑድ «ሕልም አየሁ» አለችው።

ሕልም አየሁ ሲባል ሰሚው «መልካም ነው» ይላል፤ ያባት የእናት ደንብ ነው። አድነው ዘነጋው።

«መጣ?»

«መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ።»

በአራተኛው እሑድ አድነው ገና እንደተቀመጠ ጠየቃት።

«ዛሬስ?»

«ገብቶ ተቀመጠ። እርስዎ አሁን ባሉበት ወንበር ላይ።»

አድነው ከወንበሩ ተነሣ።

«ተናገረ?»

«ኧረ ገና ነው ጋሼ! ማናገር የፊታችን ሐሙስ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አድነው ላብ አጥምቆት መጣ። ውሉ በእጁ ነው። እቤቱ ካለ የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ውስጥ በአጋጣሚ እንዳገኘው ተናገረ። መልካሙ ሳያስበው ከጋዜጣ ጋር ቀላቅሎ አምጥቶት ይሆናል አለ። ቀጥሎ ሌላ ምክንያት ጨመረ፤ ማንም አልጠየቀውም።

«እንግዲህ ሟቹን አታስቸግሪው» አላት። «ነፍሱ ትረፍ።»

አሳየሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

ሐሙስ ዕለት የመክብብ ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ወረቀቱ መገኘቱን ሰምቶ፣ ሲስቅባት የከረመው ሁሉ ሊመዘገብ መጥቷል፤ ከተማ ማለት እንዲህ ነው። መክብብ ሲመጻደቅ ዋለ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ስልኩን አውጥቶ አሳየሽ ፊት ላይ ደገነ።

«እትዬ አሳየሽ፣ ምስክርነትዎን ቀርጬ ልልቀቀው። ሟቹን በሕልምዎ ሲያዩት መልኩ እንዴት ነበር?»

«ልጄ» አለችው ቀስ ብላ፣ «መልካሙ ከሞተ ወዲህ እኮ እንቅልፍ በዐይኔ ዞሮ አያውቅም።»