ሦስተኛው ወንበር

ባዶ ወንበር ይዞ መንዳት ከተከለከለ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አንዱ ወንበር ክብደት ካላረፈበት ሞተሩ አይነሳም። መኪና የሚሸጠው በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሰፈረው ሰው ቁጥር ልክ ወንበር ተገጥሞለት ነው።

ልዑልሰገድና ሚስቱ ሕሊና መኪና መሸጫው የመጡት የድሮዋ መኪናቸው ስላረጀች ነበር። ሻጯ ሁለት አሳየቻቸው፤ ወንበሯ በለስላሳ ቆዳ የተለበጠ የቅንጦት አውቶሞቢልና ከኋላዋ ረጅም የዕቃ ቦታ ያላት፣ ጉልበቷ የእሽቅድምድም መኪና የሚያክል ስቴሽን ዋገን።

"ለሁለት ሰው አውቶሞቢሏ ትበቃናለች" አለች ሕሊና።

ልዑልሰገድ የስቴሽን ዋገኗን የኋላ በር ከፍቶ ርዝመቷን በስንዝር ይለካ ነበር። "የሶልያና ዊልቸር ሳይታጠፍ ይገባል። ፈጣንም ናት። ያን ቀን እንዲህ ያለች መኪና ብትኖረን ልጄ ሐኪም ቤት በሕይወት ትደርስ ነበር።"

ልጃቸው ሶልያና ከሞተች አራት ወር ሆኗታል።

"ይቺን በሦስት ወንበር እንወስዳለን" አላት ሻጯን።

ሻጯ መዝገቡን አየች። "ይቅርታ አቶ ልዑልሰገድ፣ መዝገቡ ላይ ያላችሁት ሁለት ናችሁ። ሦስተኛው ስም ዛሬ ጠዋት ተሰርዟል።"

"ማን አሰረዘው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሕሊና። "መኪናዋን ለማታለል በየጠዋቱ በሶልያና ክብደት ልክ ሃያ ሁለት ኪሎ ጤፍ ወንበሯ ላይ አስቀምጠህ ቀበቶ ስታስርለት ማየት አልቻልኩም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እሺ አትለኝም ነበር።"

የኋላውን በር ቀስ ብሎ ዘጋና ለአውቶሞቢሏ ፈረመ። ወደ ቤት ሲመለሱ ከኋላቸው ወንበር አልነበረም። ልዑልሰገድ መንገዱን ሙሉ አንዴም ዞር አላለም። ሕሊና ግን ሦስት ጊዜ ዞራ አየች።